መርከብ ላይ የዋለው አርባ

መርከቡ ጀርባውን እንደ በር ከፍቶ የጭነት መኪናዎችን አንድ በአንድ ሲውጥ፣ የፀሐይቱ እግር ከወደቡ ድንጋይ ላይ አልነሣ አለ። አውሮፕላኑንስ ዓይኗን ጨፍና ተገላግላዋለች። ይኼ ግን እያዩት የሚገቡበት ጉድ ነው። ከሥሩ ውኃው ጠቁሮ ይላወሳል፣ የናፍጣው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ፊሽካ እየነፋ መንገደኛውን ከመኪናው ጋር አደባልቆ ይነዳል። በዕድሜዋ ያየችው ትልቁ ውኃ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከዳር ሆና።

«ግቢ እንጂ!» አላት ባሏ ወልደአማኑኤል። ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ ሦስቱን ቲኬቶች በሌላው ጨብጧል። «ሰው ያየናል።»

ከልደታ ከወጡ ጀምሮ ከአፉ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነው። ሰው ያየናል፣ ሰው ይሰማናል።

ልጅቷ ግን አልፈራችም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የፀሐይቱን ጣቶች ይዛ ወደፊት ጎተተቻት።

«ነይ እማዬ፣ ቤት በይው። ትልቅ ቤት እኮ ነው።»

እማዬ። ልጅቷ ቃሉን ስታጠና ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ አሁን አሁን ሳታስበው ይወጣታል። የፀሐይቱ ልጅ ግን አይደለችም። ስሟ ዘኪያ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ናት። በፀሐይቱ ፓስፖርት የልጆች ገጽ ላይ የተጻፈው ስም «ትዕግሥት ወልደአማኑኤል» ነው። ገጹ ስም፣ ፆታና የትውልድ ዘመን ይጠይቃል እንጂ ፎቶግራፍ አይጠይቅም። እውነተኛዋ ትዕግሥት ደብረ ሊባኖስ ተቀብራለች። ከሞተች ዛሬ፣ ነሐሴ ስምንት፣ አርባ ቀኗ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ትዕግሥት የልብ ታማሚ ነበረች። ሦስት ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁር ነበር። አባቷ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ነውና ወረቀት መከታተል ያውቅበታል፤ ልጁን ውጭ አገር ለማሳከም ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ሐኪሞች ቦርድ፣ ከቦርድ ወደ ኢሚግሬሽን ተመላለሰ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ባሰባት። ፈቃዱ እስኪመጣ ጸበል ትጠመቅ ተባለና ይዘዋት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ዘመድ ሳይሰማ፣ ዕድር ሳይጠራ፣ የገዳሙ ሰዎች አፈር አለበሱላቸው።

ባልና ሚስት ለሰፈር ሊያረዱ ተመለሱ። ከልደታ ማርያም በታች ወዳለው ቅያሳቸው ሲታጠፉ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ፀሐይቱ መጀመሪያ ሰምተው ለለቅሶ የወጡ መሰላት። ወዲያው እልልታው ቀለጠ። የመውጫ ፈቃዱ ያን ዕለት ጠዋት መጥቶ፣ የቀበሌው ተላላኪ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሶት ኖሯል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! እንኳን ማርያም ሰማችሽ!» እያሉ እየተቀባበሉ ሳሟት። አንዷ «የታለች ሙሽራይቱ?» ብላ ጠየቀች።

«ጸበል ላይ ናት፤ ከአክስቷ ጋር ትጠ... ትጠመቅ ብዬ ትቻት መጣሁ» አለች ፀሐይቱ።

ያለችው ምላሷ ነው። እልልታ ላይ ሞት የሚናገር አፍ ከየት ይመጣል? ያቺ ደቂቃ ካለፈች በኋላ ደግሞ ወደኋላ መመለሻ መንገድ ጠፋ።

በነጋታው ማለዳ አጥሩን ተሻግራ እማማ ዙሃራ ቤት ገባች። የእማማ ዙሃራ ልጅ እዚያው ልደታ ሱቅ ነበረው፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ከመደርደሪያው ጀርባ ወስደውት በዚያው ቀረ። ሚስቱ መርየም በጅቡቲ በኩል አመለጠች። አሁን ግሪክ አገር የሰው ቤት ትሠራለች። የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና ለአያቷ የተተወችው ዘኪያ እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ የፀረ አብዮት ልጅ ናትና መውጫ ፈቃድ የሚሰጣት የለም። አሮጊቷም ዓይናቸው ደክሟል።

«እማማ ዙሃራ» አለች ፀሐይቱ፣ «የትዕግሥት ስም ወረቀት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ስሟ እንኳ ይሂድላት። ዘኪያን ይስጡኝ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ሰድደው ፊቷን ዳበሱት። ጉንጯ ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ገባቸው።

«አንቺ ልጅ! አልቅሺ እንጂ!»

«አሁን አላለቅስም። ይቺን ለእናቷ ሳስረክብ አለቅሳለሁ።»

ለቅሶዋን እንዲህ ቀጠረችው። ልጅቷን ካደረሱ በኋላ ወደ አገር ተመልሰው «እዚያው ሞተችብን» ይላሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይመጣል፣ እሷም እንደ ሰው ጮኻ ታለቅሳለች። ወልደአማኑኤል እንቅልፍ አጣ። «ወረቀት የሌለው ሞት አይታመንም፣ እኔ ነኝ የማውቀው! ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ ወንድሜ ነው፤ ያስሩታል። አሮጊቷንም አይምሯቸውም» አላት። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ እሱም የዚያን ሰሞን የሚስቱን ፊት ደፍሮ እምቢ የሚል ልብ አልነበረው። ለዘኪያ ማተብ ያሰሩላት እማማ ዙሃራ ራሳቸው ናቸው፣ በዳበሳ። ለሰፈሩ ደግሞ ዘኪያ ጅማ ወዳለው አጎቷ ሄደች፣ ትዕግሥትም ከጸበሉ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ትሄዳለች ተባለ።

መርከቡ ጮኸ። ፀሐይቱ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። የተነቃነቀው መርከቡ ሳይሆን ምድሩ ይመስል ነበር፤ ወደቡ፣ ቤቶቹ፣ ገመድ የሚጠቀልሉት ሰዎች ቀስ እያሉ ጥለዋቸው ሄዱ። ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከሰማዩ ሥር፣ እንጨት አግዳሚ ላይ ነው የተቀመጡት። ወደ ደሴቱ አራት ሰዓት መንገድ ነው። መርየም መርከቡ እስከተነሣበት ወደብ፣ እስከ ፒሬየስ፣ መምጣት አትችልም፤ አሠሪዎቿ ነሐሴን ደሴቱ ላይ ነው የሚያሳልፉት፣ ፓስፖርቷም በእመቤቲቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባታል። እዚያው ደሴቱ ወደብ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች።

በመርከቡ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ሞልተዋል። ከራስ እስከ እግር ጥቁር፣ ሻሽ ሳይቀር። ስንቱ ነው የሞተባቸው? ፀሐይቱ አየቻቸውና ቀናችባቸው። እሷ የለበሰችው አበባማ ቀሚስ ነው፤ ልጇን ልታሳክም የምትሄድ ሴት የምትለብሰው ዓይነት። ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች።

«ስምሽ?» አለ ወልደአማኑኤል በሹክሹክታ። ልጅቷን እንደ ምስክር ነው ያስጠናት።

«ትዕግሥት ወልደአማኑኤል።»

«ክርስትና ስምሽ?»

«ወለተሥላሴ።»

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ልቤን። ስሮጥ ይደክመኛል» አለችና፣ ወፎቹን ለማየት ወደ ብረቱ ድጋፍ ሮጠች።

«አትሩጪ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላቸው ድምፅ የመጣው።

«ወይ ጉድ! አማርኛ ነው እንዴ የምሰማው?»

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደልዳላ፣ ሳቂታ፣ ካኪ ኮት የለበሰ፣ ራሱ ላይ ቆብ ያደረገ። ኮቱ ደረት ላይ ትንሽ ቀይ የማጭድና መዶሻ ዓርማ ተሰክቷል። ወልደአማኑኤል ያየው ዓርማውን ነው። ቲኬቶቹ እጁ ውስጥ ተጨማደዱ።

«ያገር ልጆች! ባህር መሐል! እኔ እኮ ዛሬ አፌ ሊሻግት ነው ብዬ ነበር!» ሰውየው ሳይጋብዙት አጠገባቸው ተቀመጠ። «ዋቅሹማ እባላለሁ። መሥሪያ ቤቴ ልኮኝ የመርከብ ሞተር እማራለሁ። ነገ የማርያም በዓላቸው ነው፣ ትምህርት የለም። ይኼ መርከብ መጨረሻ የሚቆምበትን ደሴት ልየው ብዬ ነው።»

«ነገ?» አለች ፀሐይቱ ሳታስበው። «ፍልሰታ ልትፈታ ገና ሳምንት አላት።»

«የእነሱ ይቀድማል እትዬ። እነዚህ ሰዎች ጾሙንም ቀድመውን ነው የሚጨርሱት!» ብሎ ሳቀ። «ሰፈር የት ነው?»

ወልደአማኑኤል ሌላ ሰፈር ሊጠራ አፉን ሲከፍት፣ በደንብ የተጠናው ምስክር ቀደመው።

«ልደታ!» አለች ልጅቷ።

«ልደታ! እኔ ያደግሁት እኮ ተክለ ሃይማኖት ነው!» ዋቅሹማ ወደ ወልደአማኑኤል ዞሮ ፊቱን አተኩሮ አየው። ቀስ እያለ ጣቱን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ... ፍርድ ቤት። መዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ። እርስዎ ነዎት! የአባቴን የውርስ መዝገብ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት ጋሼ!»

«ይሆናል» አለ ወልደአማኑኤል። ግንባሩን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። «ብዙ ሰው ይመጣል።»

«ምን ይሆናል ይላሉ፣ ነው እንጂ! እና ይቺ ልጅዎ ናት? እርስዎን አትመስልም።»

«እናቷን ነው።»

«እናቷንም አትመስልም!» ሰውየው በሳቅ ተንፈራፈረ። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ከሁለቱም አምልጠሽ ነው። ማነው ስምሽ?»

«ትዕግሥት ወልደአማኑኤል።»

«ከነአባትሽ! መዝገብ ቤት ያሳደገሽ ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል። እንኪ በይ ይኼን ብዪ፣ አይብ ያለበት ነው።» በወረቀት የጠቀለለውን ቂጣ ዘረጋላት።

«ፍልሰታ ነው። እጾማለሁ» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ግን ቂጣው ላይ ቀረ።

«በሞቴ! ጎበዝ።» ዋቅሹማ ቂጣውን ራሱ ገመጠ። «ለምንድን ነው የመጣችሁት? መቼም ለሽርሽር አትሉኝም።»

«ልጅቷን ልናሳክም ነው። ልቧን ነው የሚያማት» አለ ወልደአማኑኤል።

«ውይ! ታዲያ ሐኪም ቤቱ አቴንስ አይደለም እንዴ? ደሴት ላይ ምን አላችሁ?»

ነገሩ ለተንኮል የተጠየቀ አይመስልም። ግን ያንን ዓርማ ደረቱ ላይ የሰካ ሰው ምን ለምን እንደሚጠይቅ ማን ያውቃል? ልደታ ውስጥ እንዲህ እየሳቁ ጠይቀው ሰው ያስበሉ ስንቶች ናቸው።

«ሐኪሙ አየር ትቀይር ብሎ ነው» አለ ወልደአማኑኤል።

«በዚህ ነፋስ?»

ደግሞም ነፋሱ ያን ጊዜ ነው የበረታው። ከወደቡ ከራቁ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ዳርቻ የሚባል ነገር አይታይም። መርከቡ አፍንጫውን አንሥቶ ይወርዳል፣ አንሥቶ ይወርዳል። ጥቁር የለበሱት ሴቶች አማተቡ። ፀሐይቱ አግዳሚውን ጨበጠች። ዓይኗን ጨፍና አርባን አሰበች። ቤቷ ቢሆን ዛሬ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ነዳያን በልተው ነበር። ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፎ ሊወስድባት ሲል ቀልባ ያዘችው፣ አዙራ ደረቷ ላይ አጣፋች፣ ጫፉን ወደኋላ ጣለች። እጇ የለመደውን እንጂ እሷ ያዘዘችውን አልሠራም።

ዓይኗን ስትገልጥ የዋቅሹማ ሳቅ ቆሟል።

ነጠላዋን ነበር የሚያየው። ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ። ፀሐይቱ ዓይኑን ተከትላ ወደ ራሷ ወረደች። ጥለቱ ወደ ላይ ነበር፤ ከአገጯ ሥር፣ የተዘቀዘቀ። ልጅቷን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያስጠኑ፣ የፀሐይቱን እጅ ያስጠናው ሰው አልነበረም። በዚያ መርከብ ላይ ከአምስት መቶ የሚበልጥ ሰው ተሳፍሯል። ያን ጨርቅ ማንበብ የሚችለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አጠገባቸው ተቀምጧል።

«ማን ሞተብዎት እትዬ?» አለ ዋቅሹማ።

«ማንም አልሞተም» አለ ወልደአማኑኤል ቶሎ ብሎ። «ነፋሱ ነው።»

«ነፋስ እንዲህ አድርጎ ያለብሳል ጋሼ?»

ልጅቷ የሦስቱንም ፊት አየች። ከዚያ ማንም ያላስጠናትን ተናገረች።

«አያቴ ሞተው ነው።»

ዋቅሹማ ብድግ አለ። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ወይኔ! ታዲያ ለምን አትነግሩኝም? ሐዘንተኛ ፊት ስገለፍጥ! ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ!» ከልቡ አፍሮ ነበር፤ ያስታውቃል። «የማን እናት ናቸው?»

«የኔ» አለ ወልደአማኑኤል።

«የእማዬ» አለች ልጅቷ፣ በዚያችው ቅጽበት።

ዋቅሹማ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። ሆኖም ሐዘን ያናጋው ቤት ነው ብሎ አለፈው መሰል፣ ነገሩን አልያዘውም። ሌላ ነገር ያዘ፤ እሱም የባሰ ነበር።

«በሰው አገር ሐዘን ለብቻ አይያዝም» አለ። «ያረፋችሁበት የት ነው? ከነገ ወዲያ ስመለስ ያገር ልጆችን ሰብስቤ እመጣለሁ። ኤምባሲ ያሉትም አይቀሩም፣ ደጎች ናቸው። ልደታስ ሰምቷል? ካልሰማ ለእናቴ እጽፍላታለሁ፣ ሄዳ ቤት ያለውን ሰው ታጽናናለች።» ከኪሱ ማስታወሻና እርሳስ አወጣ። «አድራሻ ይንገሩኝ ጋሼ።»

ወልደአማኑኤል እርሳሱን አየ። ሰውየው ጠላት ቢሆን ኖሮ መሸሽ ይቻላል። ለቅሶ ልድረስ የሚልን ሰው ምን ብለው ይመልሱታል? ኤምባሲ፣ ልደታ፣ ደብዳቤ። ያ እርሳስ አንድ መስመር ከጻፈ፣ ወንድሙ ታስሮ፣ እማማ ዙሃራ ተጎትተው፣ ይቺ ልጅ ከመርከቡ ሳትወርድ ተመልሳ ይታየው ነበር።

«እትዬ» አለ ዋቅሹማ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ። «እግዚአብሔር ያጥናዎት። ነፍስ ይማር።»

አርባ ቀን ሙሉ ማንም ይኼን አላላትም። ባሏ እንኳ፤ እሱም አብሮ የተጎዳ ነውና። ፀሐይቱ ይኼን ቃል ስትርብ ከርማ፣ እነሆ አንድ ሰው መጥቶ ዘረጋላት፤ በሌለች አሮጊት ስም። ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ራሷን ነቅነቅ ብታደርግ፣ «አሜን» ብትል ነገሩ ያልፍ ነበር። አልቻለችም። የልጇን ነፍስ ይማር ለሌላ ሰው ማስቆጠር አልቻለችም።

«ልጄ ናት» አለች።

«ፀሐይቱ!» አለ ወልደአማኑኤል።

«ልጄ ናት የሞተችው። ትዕግሥት። ዛሬ አርባዋ ነው።»

ዋቅሹማ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይቺስ?»

«ይቺ በልጄ ስም የመጣች የሰው ልጅ ናት። አባቷን ወስደው አስቀሩባት። እናቷ እዚያ ወደብ ላይ ትጠብቃታለች፤ ካየቻት ሰባት ዓመት ሆኗታል። እኔ ጨርሻለሁ። የሚጽፉ ከሆነ ይጻፉት።»

ሰውየው ማስታወሻውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ዞሮ፣ በሚናወጠው ወለል ላይ እየተደገፈ ወደ መርከቡ ሌላ ጫፍ ሄደ። ከጭስ ማውጫው ጀርባ ከዓይናቸው ተሰወረ።

«ገደልሽን» አለ ወልደአማኑኤል። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ አቅም ያጣ ሰው ድምፅ ነው። «ወንድሜን ገደልሽው።»

ፀሐይቱ ልጅቷን ወደ ጎኗ ሳበቻት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለች ልጅቷ። «አያቴ ስላልኩ ነው?»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለቻት ፀሐይቱ።

«አስተካክይው እንግዲህ ነጠላውን» አለ ባሏ። «ሌላ ሰው...»

«ሌላ ማን?» አለችው። ጥለቱን እንደ ተዘቀዘቀ ተወችው።

የቀረው መንገድ እንዴት እንዳለቀ ሦስቱም አያውቁትም። ወልደአማኑኤል ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሰውየውን ፈለገው። ሁለቴም እንደ ገረጣ ተመለሰ። በመጀመሪያው የለም አለ። በሁለተኛው ከአንድ የመርከቡ ሹም ጋር ቆሞ ያወራል አለ። ግሪክኛ ይችላል? ይችላል። ምን ይላል? እኔ ምን አውቄ! ልጅቷ አስመለሳት። ፀሐይቱ ግንባሯን ይዛላት በቀሚሷ ጫፍ አፏን ጠረገች። እንዲህ አድርጋ የያዘችው ግንባር የዛሬ አርባ ቀን ሌላ ነበር፤ ይኼኛው ግን ይሞቃል።

ደሴቱ ብቅ አለ። መጀመሪያ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ራቁት ተራራ፣ ቀጥሎ ተራራው ላይ የተደራረቡ ነጫጭ ቤቶች። ፊሽካው ተነፋ፣ ሰው ሁሉ ወደ ታች ጎረፈ። ከጭነት መኪናዎቹ ጋር፣ በዚያ ብረት ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ ተጨናንቀው ቆሙ። በሩ እየተንቋረረ ሲወርድ ብርሃን ገባ። ከበሩ ጥግ አንድ የወደብ ፖሊስ ቆሟል። አጠገቡ ዋቅሹማ ቆሟል።

«አበቃልን» አለ ወልደአማኑኤል።

መመለስ አይቻልም፤ ከኋላ ሰው ይገፋል። ፀሐይቱ የልጅቷን እጅ እስኪያማት ድረስ ያዘችው። ሲጠጉ ዋቅሹማ በጣቱ አመለከታቸው፣ ለፖሊሱ አንድ ነገር ተናገረ። ፖሊሱ ልጅቷን አየ፣ ፀሐይቱን አየ፣ ዓይኑ ነጠላዋ ላይ ለአፍታ ቆየ። ከዚያ ሌላውን ሕዝብ በክንዱ ገታ አድርጎ መንገድ ከፈተላቸው።

ዋቅሹማ የወልደአማኑኤልን ሻንጣ ከእጁ ወሰደ። ከፊታቸው እየሄደ የብረቱን ዘቅዛቃ ወረደ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። ቆቡን አሁንም አላደረገም።

«ልጅቷ ታማለች፣ ቀድማ ትውረድ ነው ያልኩት» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ቀጥሎ ወደ ፀሐይቱ ዞረ። «አቴንስ የት እንዳረፋችሁ አልነገራችሁኝም። አትንገሩኝም።»

«ወንድሜ...» አለች ፀሐይቱ።

«ምንም አይበሉኝ እትዬ። እኔም አገሬ እመለሳለሁ፤ እኔም የፈረመልኝ ዋስ አለ።» ብሎ፣ መኪኖቹ መሐል ተሽሎክልኮ ወደ መርከቡ ተመለሰ።

ቃሉ ማጽናኛ ይሁን ማስጠንቀቂያ፣ ወልደአማኑኤል ሲያሰላ ገና እዚያው እንደ ቆመ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ሰማያዊ ሽርጥ እንደታጠቀች ከጠበቀችበት ጥላ ወጥታ ስትሮጥ መጣች። አምስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። መርየም ናት። የተወቻት ልጅ በእቅፍ የምትያዝ ነበረች፤ አሁን ፊቷ የቆመችው ግን እስከ ደረቷ ትደርሳለች።

«ዘኪያ?» አለች።

ልጅቷ ከፀሐይቱ ጀርባ ገባች። ቀሚሷን ጨመደደች።

«እማዬ፣ ማናት?» አለች በሹክሹክታ።

ፀሐይቱ ተንበረከከች። የልጅቷን ጣቶች ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ጠንክረው ይዘው ነበር፤ ጊዜ ወሰደባት።

«እማዬ እሷ ናት» አለቻት። «እኔ እትዬ ፀሐይቱ ነኝ። ጎረቤታችሁ ነኝ። ሂጂ።»

ልጅቷ አልሄደችም። እናቷ መጣችላት። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሳትይዛት፣ እጇን ብቻ ዘርግታ ጠበቀቻት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጅቷ አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ከዚያ ሌላ።

መርየም ልጇን አቅፋ አንገቷን ስታሸት ማተቡን አገኘችው። ቀና ብላ ፀሐይቱን አየቻት። ያን ጊዜ ነው ነጠላውን ያየችው። የተላከላት ደብዳቤ ሁሉ በዘወርዋራ ነበርና ማን እንደሞተ አልተነገራትም ነበር፤ ማተቡን፣ ነጠላውንና ያልመጣችውን ልጅ አንድ ላይ አስተያየቻቸው።

«ፀሐይዬ» አለች፣ «ትዕግሥትስ?»

ፀሐይቱ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል አልነበረም። ከሆዷ ሥር የተነሣ ጩኸት ነበር፤ ገመድ የሚስቡት ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው ቀሩ፣ ጥቁር የለበሱት ሴቶች ከነጓዛቸው ዞሩ። ደረቷን መታች። «ልጄ! ልጄን!» አለች። መርየም በአንድ እጇ ልጇን እንደያዘች ተጎትታ መጥታ በሌላው አቀፈቻት፣ አብራት ጮኸች፣ ልደታ ጎን ለጎን በኖሩበት ዘመን በየለቅሶው እንደሚያደርጉት።

መርከቡ በሩን እየዘጋ ነበር። ወልደአማኑኤል ቀና ብሎ ላይኛውን ፎቅ አየ። ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ብረቱን ተደግፎ ወደ ታች ያያቸዋል። እጁ ላይ የያዘው ቆብ ይሁን ማስታወሻ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። ወልደአማኑኤል ጎንበስ ብሎ የሚስቱን ትከሻ ነካ።

«ቀስ በይ» አላት። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ» አለች ፀሐይቱ።

እጁን ከትከሻዋ አላነሣም። ኋላ ግን ሻንጣው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።